ሦስት ስልክ የሰጡ ሰዎች

ያን ሰኞ ጠዋት ከሚሴ፣ ለዓይን ሕክምና ዘመቻው በተሰጠን ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ስም ስለማልጠራ በየሥራችን ልቁጠረን። አንደኛው ከዓይን ሐኪሞቹ ቀድሞ ከአዲስ አበባ የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሁላችንም ኢንጂነር እንለው ነበር፣ እሱም አላረመንም። መስኮቱ ሥር ያለውን ትልቁን ጠረጴዛ ይዟል። ሁለተኛዋ የዘመቻው አስተባባሪ ናት፤ ባቲ ተወልዳ ያደገች ነርስ፣ ሲስተር የምንላት። ከኢንጂነሩ ጎን ቆማ ስክሪኑን ታያለች። ሦስተኛው ሹፌሩ ነው፤ የከሚሴ ልጅ፣ እዚያ ክፍል ምንም ሥራ ያልነበረው፣ ግን የሚሠራው ሶኬት እኛ ዘንድ ስለነበረ ስልኩን እየሞላ ከግድግዳው ሥር የተቀመጠ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ለዘመቻው በቀን ክፍያ የተቀጠርኩ ረዳት። በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ነበርኩ። አንድ እግሯ አጥሮ ስለነበር ካርቶን አጥፌ ከሥሯ አድርጌላት ነበር።

ማን የት እንደነበረ የምጽፈው በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ሥራው ይህ ነበር። የዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚያነሡ ሐኪሞች ከረቡዕ እስከ እሑድ ለአምስት ቀን ከሚሴ ሊሠሩ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከከተማው ጀምሮ በጨፋ ሮቢት በኩልም በባቲ በኩልም ቀበሌ ለቀበሌ ዞረው ሕመምተኞቹን በታብሌት መዝግበዋል። ያ ሁሉ በአንድ ፋይል ተሰብስቦ መጣልን። የኛ ድርሻ ፋይሉን የሚያነብ ፕሮግራም አዘጋጅቶ እያንዳንዱን ሰው ቀን መመደብና በሰጠው ስልክ መልእክት መላክ ነው። ሁለቱም ዓይናቸው የታመመ ሰዎች ረቡዕ እንዲጠሩ ተወስኗል፤ ረቡዕ አንዱ ዓይን ከተሠራ እሑድ ሁለተኛው ይሠራል። መልእክት ያልደረሰው ሰው አይመጣም። ለሚኒባስ ከፍሎ፣ ዓይነ ስውር እየመራ፣ ምናልባት ይቀበሉን ይሆናል ብሎ ከተማ የሚገባ የለም።

ስለ ኢንጂነሩ ያለኝን ንቀት አልደብቅም፤ ብደብቀውም ከጽሑፉ ውስጥ ይወጣል። መጥፎ ሰው አልነበረም። ውሃ ሲገዛ ለሁላችንም ይገዛል፤ ሲስተርን በአክብሮት ያናግራል። ግን አንድን ነገር ሳያየው ቀላል ነው የሚል ሰው ነው። ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት ሦስት ጊዜ ቀላል ነው ብሏል፤ ቆጥሬያለሁ። ሲከፍተው ደግሞ ያየው የመጀመሪያዎቹን ሃያ መስመሮች ብቻ ነው። ፋይሉ የሚጀምረው ከከሚሴ ከተማ ቀበሌዎች ነበር። እዚያ ሁሉም የራሱ ስልክ አለው። ስለዚህ ሃያዎቹ መስመሮች ያማሩ ነበሩ፤ በአንድ መስመር አንድ ሰው፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የታመመው ዓይን፣ በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ተሰድረዋል።

እንዲህ ያለ ፋይል ለማንበብ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ መስመር በመስመር እየቆረጠ የሚያነብ ኮድ ራስህ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ ሌሎች ሰዎች ለዓመታት ጽፈው፣ ተሳስተው፣ አርመው፣ ማንም እንዲጠቀምበት ያስቀመጡትን ዝግጁ ኮድ መጥራት ነው። የሙያው ሰዎች ላይብረሪ ይሉታል።

ኢንጂነሩ ይህን ያውቃል። ራሱ ነው ያነሣው። እንዲህ ላለው ነገር ላይብረሪ የሚጠሩ ሰዎች እንዳሉ፣ እሱ ግን አሥር መስመር ኮድ ለመጻፍ እንደማይሰንፍ፣ የሰው ኮድ ውስጥ ምን እንዳለ እንደማይታወቅ፣ በዚያ ላይ እዚህ አገር ኔትወርክ ስለሌለ ምንም ማውረድ እንደማይቻል ለሲስተር አስረዳት። ኔትወርኩ እውነት ነው፤ በዚያ ሳምንት ይመጣል ይሄዳል። ግን ለዚህ ሥራ የሚሆነው ላይብረሪ ማውረድ አያስፈልገውም ነበር። ከሚጽፍበት የኮድ ቋንቋ ጋር አብሮ ተጭኖ ያው ላፕቶፑ ውስጥ ተቀምጧል። አምስት ዓመት ተምሮ የተመረቀበት ነገር የት እንዳለ አያውቅም።

ሹፌሩ ከግድግዳው ሥር ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ «ኢንጂነር፣ መኪናውንም አንተ ሠርተኸው ቢሆን ከኮምቦልቻ በእግራችን ነበር የምንገባው» አለ።

ሲስተር ሳቀች። ኢንጂነሩም ሳቀ፤ ከዚያ ጣቶቹን አፍታታና «እኔ የሰው ኮድ ለምኜ አላውቅም» አለ።

በዚህ መሐል እኔ ተናግሬያለሁ። ቢያንስ እንደተናገርኩ አስታውሳለሁ። ያልኩት፣ መስመር በመስመር መቁረጥን ማመን ጥሩ አይደለም፣ ዝግጁው ይሻላል የሚል ነው።

ይህን ያልኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እንደሱ ነበርኩ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ በስልክ እያነበብኩ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እየሞከርኩ ኮድ ስለማመድ ሁሉን በራሴ እጅ መጻፍ ክብር ይመስለኝ ነበር። ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት የሚያነብ ፕሮግራም ጽፌ፣ በአንዲት ባዶ ሳጥን ምክንያት የአንድ ክፍል ውጤት በሙሉ አንድ ወንበር ተንሸራትቶ የአንዱ ልጅ ነጥብ ለሌላው ተሰጠ። ወላጆች ተሰብስበው መጡ። ከዚያ በኋላ ዝግጁውን ላይብረሪ ከፍቼ ውስጡን አነበብኩ። እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ አለ፤ እኔ ገና ያልደረስኩባቸው ሌሎች ብዙ ጉድጓዶችም አሉ፤ ሁሉም ተደፍነዋል። በዚያን ቀን ራሴን ናቅሁ። ስለዚህ ኢንጂነሩን ስንቀው ሳላውቀው አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በፊት መስታወት ውስጥ ያየሁት ሰው ነው።

ኮዱን ጻፈ። እየጻፈ ያወራ ነበር፤ እያንዳንዷን መስመር እንደ ስጦታ እያነሣ ያሳየናል። ፕሮግራሙን አስነሣው፤ ስሞቹ በአምስት ቀን ተደልድለው ወጡ። ከሥር አንድ ቁጥር መጣ፤ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ የተበላሹ መስመሮች ታልፈዋል ይላል። ሲስተር ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች።

«ቆሻሻ ዳታ ነው፤ ገጠር የተሞላ ፎርም ሁሌም እንዲህ ነው» አላት።

ሲስተር ቅንድቧን አነሣች፤ የባቲ ልጅ ናት፣ ገጠር ሲባል የማን ቤት እንደሆነ ታውቃለች። ግን ሥራ ነበረባት፤ ተጠርታ ወጣች።

ቀትር ላይ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ዘመቻው የቀን ሥራ ነው፤ የሁልጊዜ መተዳደሪያዬ ገበያው አጠገብ በአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ስልክ መጠገንና ማመልከቻ መጻፍ ነው። ላይብረሪውን ጠርቼ በስድስት መስመር አነበብኩት። የኔ ከኢንጂነሩ በስልሳ ሦስት ሰዎች በለጠ። የተበላሸ መስመር አንድም የለም።

ከስልሳ ሦስቱ የመጀመሪያዋን ተመለከትኩ። በጨፋ በኩል የተመዘገበች ሴት ናት። ስልክ በሚለው ሳጥን ሦስት ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረዋል። ወዲያው ገባኝ። እኛ ዘንድ የራሱ ስልክ ያለው ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። የራሱ ስልክ የሌለው ግን የጎረቤቱን፣ የልጁን፣ የባለ ሱቁን ይሰጣል፤ አንዱ ባያነሣ አንዱ ያነሣል። መዝጋቢዋ ደግሞ ደብተር ላይ እንደለመደችው ሁለተኛውን ቁጥር ከአንደኛው ሥር ትጽፋለች። ታብሌቱ ይህን ይቀበላል፤ ፋይሉም ሳጥኑን በትእምርተ ጥቅስ አጥሮ ያስቀምጠዋል። ላይብረሪው አጥሩን ያያል። መስመር በመስመር የሚቆርጠው የኢንጂነሩ ኮድ ግን አንዷን ሴት ሦስት ቦታ ቆራርጦ፣ ሦስቱም ቁራጭ ሰው አይመስልም ብሎ ጣላት። ፕሮግራሙ ነጥሎ የጣለው ስልክ የሌላቸውን ሰዎች ነው። ቆሻሻ ያላቸው እነሱን ነበር።

እዚህ ላይ ተነሥቶ ወደዚያ ክፍል መመለስ ነበረብኝ። የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አልተመለስኩም። ቁጥሩ አስደስቶኝ ነበር። ስልሳ ሦስት የሚለውን ደጋግሜ አየሁት፤ የቀሩትን ስሞች ሳላነብ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ተናግሬያለሁ፣ አልሰሙኝም፣ አሁን ራሱ ይድረስበት አልኩ። ሐኪሞቹ ባሉበት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የጨፋ ገበሬ መጥቶ እኔስ ሲለው የኢንጂነሩ ፊት ምን እንደሚመስል ማየት ፈለግሁ።

የበረንዳው ባለቤት፣ ልብስ ሰፊው፣ እድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ የለበሰ ሰው ናቸው። ያለ ኪራይ ያስቀምጡኛል። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት መርፌ ላይ ክር አስገባላቸዋለሁ፤ ስድስት ነጭ፣ ስድስት ጥቁር፤ የመርፌ መስኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ እሰካቸዋለሁ። የስፌት መኪናውን በእጃቸው ስለሚያውቁት ቀጥ ያለ ስፌት ይሰፋሉ። ኮሌታና ኪስ ግን ከተዉ ቆይተዋል። ለዚህ ዘመቻ ቤታቸው ባለበት፣ ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ ተመዝግበዋል፤ የኔን ቁጥር እንደሰጡ ነግረውኝ ነበር።

የዚያን ቀን ከዐስር ሶላት ሲመለሱ የኢንጂነሩን ነገር አወራኋቸው። ኮድ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ፣ የተዘጋጀ ነገር እያለ ራሱ ካልሠራሁ የሚል ሰው ብዬ ነው የነገርኳቸው። 

«እኔ ኮት ስሰፋ አርባ ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ቁልፍ ሠርቼ አላውቅም። ከደሴ በፓኮ ይመጣል፣ እገዛለሁ። ቁልፉንም እኔ ልሥራው ያልኩ ቀን ኮቱ ሳይዘጋ ይቀራል።»

ሳቅሁ። ከዚያ «ነግረኸዋል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ነግሬዋለሁ።»

«ሰማህ?»

አልሰማም አልኩ። እሳቸውም የስፌት መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ።

ማክሰኞ መልእክቶቹ ተላኩ። ረቡዕ ግቢው በሰው ተሞላ። ኢንጂነሩ ዝርዝሩን አትሞ በር ላይ ለጥፎ፣ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ስሙ የሌለበት ሰው መጥቶ እኔስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ማንም አልመጣም። ያልተጠራ ሰው አይመጣም ብዬ ከላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ግን ንቀት ይህንን እንኳ ያስረሳል። የሚያጋልጡት ሰዎች እቤታቸው ስልክ የሚደወልለትን ጎረቤት እየጠበቁ ተቀምጠዋል።

ረቡዕ ማታ ልብስ ሰፊው መልእክት እንደመጣ ጠየቁኝ። አልመጣም፤ የሳቸው ቀን ሌላ ይሆናል ብዬ «አብሽሩ፣ ይደርሳል» አልኳቸው። ሐሙስም ጠየቁኝ፤ ያንኑ መለስኩ። ሁለቱም ዓይናቸው የታመመ ሰዎች ረቡዕ እንደሚጠሩ አውቅ ነበር። ሰኞ ሲወሰን ሰምቻለሁ። በዝርዝር ነገር ማንም አይበልጠኝም የምል ሰው ሁለቱን ነገሮች አላገናኘሁም፤ ወይም ማገናኘት አልፈለግሁም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ አጠገባችን ሻይ የምትሸጠውን ሴት፣ «ባንቺስ አልተደወለም?» ሲሏት ሰማሁ።

እጄ ላይ የነበረውን ስልክ አስቀመጥኩ። የሷን ለምን እንደሚጠይቁ ጠየቅኋቸው።

«ሦስት ስልክ ነዋ የሰጠሁት። ያንተን፣ የሷን፣ ኮምቦልቻ ያለውን የልጄን። አንተ ባትሪህ ሁሌም ያለቀ ነው።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስልሳ ሦስቱን ስሞች ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ። አርባ አንደኛው እሳቸው ናቸው። ስልክ በሚለው ሳጥን የመጀመሪያው ቁጥር የኔ ነው። ዓይን በሚለው ሳጥን ሁለቱም ይላል።

ለሲስተር ስነግራት ኢንጂነሩ ነበረ። ፍላሹን ሰካሁ፤ ዝርዝሩን አሳየሁ። ሲስተር ረጅም ጊዜ አየችው። ኢንጂነሩ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ሲያይ መጀመሪያ አፈረ፤ ያን ማየት ለአራት ቀን የጠበቅሁት ነገር ነው፤ ምንም አልጠቀመኝም። ወዲያው ደግሞ ይህ ያልተለመደ አጋጣሚ ነው፣ ማንም ሊጠብቀው አይችልም፣ ኮዴ ላይ ሁለት መስመር ልጨምርበት አለ። ያልተለመደ አለ። እዚህ አገር ከዚህ የበለጠ የተለመደ ነገር የለም። አሁንም ላይብረሪውን አልጠራም፤ ቁጭ ብሎ የራሱን መጠገን ጀመረ።

ሲስተር አልጠበቀችውም። «ስልኮቹን ተከፋፈሉ» አለች።

ሦስታችን ደወልን፤ እሷ፣ ሹፌሩ፣ እኔ። ሹፌሩ እግሩን ዘርግቶ አከም ኦልቴ እያለ በኦሮምኛ ሰላምታ ይጀምርና ግማሹን በአማርኛ ይጨርሳል፤ ለአንዷ ሴት ጎረቤት ማልቀሱን ተዪና ልብሷን አዘጋጂላት ሲል ሰምቻለሁ። በእኔ በኩል ድምፅህ አይሰማም እያሉ ብዙዎቹ ዘጉብኝ። እስከ መግሪብ ደወልን። አሥራ አንዱን በየትኛውም ቁጥር አላገኘናቸውም። ቅዳሜ ንጋት ሹፌሩ ማንም ሳያዘው መኪናውን ይዞ ወደ ጨፋ በኩል ወርዶ ሰባቱን ጭኖ መጣ። አራቱ ቀሩ።

ቅዳሜ ከሩቅ ለመጡት ቅድሚያ ተሰጠ። ልብስ ሰፊው እሑድ ተሠሩ፤ ቀኝ ዓይናቸው። ሐኪሟ ሁለተኛውን በአንድ ቀን እንደማትነካ፣ በቀናት ልዩነት መሆን እንዳለበት፣ ረቡዕ ቢመጡ ኖሮ ዛሬ ግራው ይሆን እንደነበር ነገረችን። ቡድኑ ሰኞ ወጣ። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው የመዝጊያ ፕሮግራም ኢንጂነሩ ለዘመቻው ባዘጋጀው ሶፍትዌር የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሰኞ ፋሻው ተነሣላቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው መንገዱን፣ ባጃጆቹን፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፤ ፊቴን ሲያዩት ያ የመጀመሪያቸው ነው።

«አልሐምዱሊላህ። ይሄን ኮሌታ ማነው የሰፋብህ?» አሉኝ።

የተገዛ ነው አልኩ።

«ጠማማ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ስመጣ ክር ይዘው፣ መርፌ ወደ ብርሃኑ አንሥተው አገኘኋቸው። ክሩ ሦስት ጊዜ በመርፌው ጎን አለፈ። አራተኛውንም ሳተ።

«ቀዳዳው ወለል ብሎ ይታየኛል። ርቀቱ ነው የጠፋኝ፤ በአንድ ዓይን ቅርብና ሩቅ አይለይም» አሉ። መርፌውን አቀበሉኝ። ስድስት ነጭ፣ ስድስት ጥቁር አስገባሁ። በአምስተኛው ጥቁር ላይ ሳለሁ፣ «ሰው መቅረቱን ያወቅኸው መቼ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሰኞ» አልኩ።

«እኔ ስለ ቁልፉ የነገርኩህ ዕለት?»

«አዎ።»

 ኢንጂነሩን ነግሬዋለሁ ማለቴን ያስታውሳሉ፤ ያን ጊዜ አምነውኛል፤ አሁን ያምኑኝ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አሥራ ሁለቱን መርፌዎች ትራሷ ላይ ሰክቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። እስከ ዛሬ በየጠዋቱ እሰካለሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር አጥቻለሁ። ወንበሯ ካርቶን እንደነበራት፣ ሹፌሩ ስልኩን ይሞላ እንደነበር፣ ቀላል ነው ሦስት ጊዜ እንደተባለ፣ ሁሉን ይዣለሁ። ዝግጁው ይሻላል ያልኩበትን ድምፄን ግን ላገኘው አልቻልኩም። ኢንጂነሩ የሰው ኮድ አልለምንም ያለው ለሹፌሩ ቀልድ መልስ ሊሆን ይችላል። ሲስተርን ስጠይቃት ከኔ የሰማችው ነገር ትዝ እንደማይላት፣ ምናልባት ወጥታ ሳለ እንደሆነ ነገረችኝ። ወጥታ አልነበረም፤ የወጣችው በኋላ ነው። ሹፌሩ ደግሞ ስለ ወንበሯ አንድ ነገር ስታጉረመርም ሰምቻለሁ ይላል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ሲስተር፣ ከኢንጂነሩ ጎን ቆመሽ ነበር፤ በሩ ከኋላሽ ነው። ሹፌሩ፣ ከኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርክ። ኢንጂነር፣ አንተም፤ ስላንተ የማስበውን አንብበሃል፣ ሆኖም አንተ ውሸታም አልነበርክም። ከኔ የተለየ የምታስታውሱት ካለ ጻፉልኝ። ሌላውን ሁሉ ብታርሙኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ግን ያን ጠዋት ከበሩ በኩል ድምፅ ሰምታችሁ እንደሆነ፣ ከሰማችሁም ቃሉ ምን እንደነበረ ንገሩኝ። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን መልሰው ይጠይቁኛል።